የሥራ ኃይል ተሳትፎ ምጣኔ ከክልል ክልል ለምን ይለያያል? ለሥራ ፈላጊዎችና ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የመርካቶ ገበያ፣ ጭድ ተራ በሚባለው ሥፍራ፣ ማለዳ ላይ የሚሰበሰበው ሰው ከአንድ አካባቢ የመጣ አይደለም። ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከማዕከላዊና ከደቡብ ኢትዮጵያ እንዲሁም ከሌሎች ክልሎች የመጡ ጫኝና አውራጆች፣ ቀን ሠራተኞች፣ የሱቅ ተቀጣሪዎች፣ የጉልት ነጋዴዎችና ሥራ ፈላጊዎች በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። እያንዳንዳቸው የተነሡበት አካባቢ የራሱ የሥራ ጠባይ አለው፤ ይህም በአገር አቀፍ ጥናቶች ውስጥ በአኃዝ ይገለጻል። ከእነዚህ አኃዞች አንዱ የሥራ ኃይል ተሳትፎ ምጣኔ ነው።

ምጣኔው በልዩ ልዩ መድረኮች ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ በተሳሳተ ሁኔታ ይተረጎማል። አንደኛው፣ ምጣኔው ከፍ ያለበት ክልል ነዋሪ ታታሪ፣ ዝቅ ያለበት ደግሞ ሥራ የማይወድ አድርጎ ማየት ነው። ሁለተኛው፣ ምጣኔው ከፍ ባለበት ቦታ ሥራ በቀላሉ ይገኛል ብሎ ማሰብ ነው። ሁለቱም አኃዙ የማይለውን እንዲናገር ያደርጉታል። ይህ ማብራሪያ ምጣኔው ምን እንደሚለካ፣ በክልሎች መካከል ልዩነት ለምን እንደሚታይ፣ እንዲሁም ሥራ ፍለጋ ከአካባቢው ለመነሣት የሚያስብ ዜጋ መረጃውን እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚገባ ያስረዳል።

1. ምጣኔው የሚለካው ምንድን ነው?

በጥናቶች ውስጥ ለሥራ የደረሰው ሕዝብ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በሥራ ላይ ያለው ነው። በዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት፣ ጥያቄው ከቀረበበት ዕለት በፊት በነበሩት ሰባት ቀናት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በሕመም፣ በፈቃድ ወይም በመሰል ምክንያት ከመደበኛ ሥራው ለጊዜው የተለየም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። ሁለተኛው ሥራ አጥ የሆነው፣ ማለትም ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ግን ዝግጁ የሆነውና ሥራ የሚፈልገው ነው። ሦስተኛው ከሥራ ኃይል ውጭ የሚባለው ሲሆን፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች፣ በቤት ውስጥ ሥራና በልጆች እንክብካቤ ብቻ የተወሰኑ፣ በዕድሜ መግፋት ወይም በሕመም ምክንያት የማይሠሩ ሰዎች ይገኙበታል።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክፍል ተደምረው የሥራ ኃይል ይባላሉ። ይህ ድምር ለሥራ ለደረሰው ጠቅላላ ሕዝብ ተካፍሎ በመቶኛ ሲገለጽ የሥራ ኃይል ተሳትፎ ምጣኔ ይሆናል። ስለዚህ ምጣኔው ሥራ ያገኘውንም ሥራ ያጣውንም አንድ ላይ የሚቆጥር እንጂ ሥራ ያገኙትን ብቻ የሚያሳይ አይደለም።

አከፋፈሉን ለመረዳት የጭድ ተራን አካባቢ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ከጭነት መኪና ላይ ዕቃ ሲያወርድ የዋለ ሠራተኛ በሥራ ላይ ያለ ነው። ከትምህርት መልስ በወላጆቹ ሱቅ ያለ ደመወዝ የሚሸጥ ወጣትም፣ ገንዘብ በእጁ ባይገባም፣ ለቤተሰቡ ድርጅት ስለሠራ በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምታበስልና የምታጥብ ሴት በሥራ ላይ ያለች ናት፤ በገዛ ቤቷ ለቤተሰቧ ያንኑ ሥራ ቀኑን ሙሉ የምትሠራ ሴት ግን፣ ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ካልሠራችና ካልፈለገች በስተቀር፣ ከሥራ ኃይል ውጭ ትመደባለች። ከኮሌጅ ተመርቆ የሥራ ማስታወቂያ የሚከታተል ወጣት ሥራ አጥ ነው። ሳምንቱን በሙሉ ሥራ አጥቶ ሐሙስ ዕለት ለሁለት ሰዓት ጆንያ የተሸከመ ሰው ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ተብሎ ይመዘገባል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው፣ ከሥራ ኃይል ውጭ መሆን ሥራ ፈት መሆን ማለት አይደለም፤ በሥራ ላይ መሆንም በቂ ገቢ ማግኘት ማለት አይደለም።

2. አንዱን አኃዝ ከሌላው ነጥሎ ማንበብ ለምን ያሳስታል?

የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚሰላው ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ሳይሆን ከሥራ ኃይሉ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ሁለቱ ምጣኔዎች አብረው ካልተነበቡ ስሜት የማይሰጥ ድምዳሜ ላይ ያደርሳሉ። ለማሳያ ያህል፣ እያንዳንዳቸው ለሥራ የደረሱ 100 ሰዎች የሚኖሩባቸውን ሦስት አካባቢዎች ማሰብ ይቻላል።

በመጀመሪያው የገጠር ቀበሌ 82 ሰዎች ይሠራሉ፤ 3 ሰዎች ሥራ ይፈልጋሉ። የተሳትፎ ምጣኔው 85 በመቶ፣ የሥራ አጥነት ምጣኔው 3.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። በሁለተኛው የከተማ ሠፈር 50 ሰዎች ይሠራሉ፤ 12 ሰዎች ሥራ ይፈልጋሉ። ተሳትፎው 62 በመቶ፣ ሥራ አጥነቱ 19.4 በመቶ ነው። በሦስተኛው አካባቢ 48 ሰዎች ይሠራሉ፤ 2 ሰዎች ብቻ ሥራ ይፈልጋሉ። ተሳትፎው 50 በመቶ፣ ሥራ አጥነቱ 4 በመቶ ነው።

የሥራ አጥነት ምጣኔውን ብቻ የተመለከተ ሰው ሦስተኛው አካባቢ ከሁለተኛው እጅግ የተሻለ ነው ሊል ይችላል። በተጨባጭ ግን በሦስተኛው አካባቢ የሚሠራው ሰው ቁጥር ያንሳል። ሥራ አጥነቱ ዝቅ ያለው ግማሹ ሕዝብ ከቆጠራው ውጭ ስለሆነ ነው። ከእነዚህ መካከል ሥራ ቢያገኙ የሚሠሩ፣ ነገር ግን ተስፋ ቆርጠው መፈለግ ያቆሙ ወይም ልጅ የሚይዝላቸው ያጡ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የአገራችን ጥናቶች ለረጅም ጊዜ "ሥራ መፈለግ" የሚለውን መስፈርት ላላ አድርገው፣ ሥራ ባይፈልግም ለመሥራት ዝግጁ የሆነውን ሰው በሥራ አጥነት ሲቆጥሩ የቆዩት፣ መደበኛ የሥራ ገበያ ባልተስፋፋበት አካባቢ እንዲህ ያለው ሰው ከቆጠራ እንዳይወጣ ነው።

3. ልዩነቱን የሚፈጥሩ ዋና ዋና ምክንያቶች

ሀ. የኑሮ መሠረት። በእርሻ በሚተዳደሩ የገጠር አካባቢዎች ከቤተሰቡ አባላት አብዛኛዎቹ በማረስ፣ በማረም፣ በአጨዳ ወይም በከብት ጥበቃ ይሳተፋሉ። ስለሆነም የተሳትፎ ምጣኔው በአጠቃላይ ከከተሞች ከፍ ይላል፤ ሥራ አጥነቱም ዝቅ ይላል። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥራ ኃይል ጥናት የሥራ አጥነት ምጣኔው በአገር ደረጃ 4.5 በመቶ ሲሆን፣ በገጠር 2.0 በመቶ፣ በከተሞች ደግሞ 16.5 በመቶ ነበር። ይህ ማለት ግን የገጠሩ ሰው ሁሉ በቂ ሥራ አለው ማለት አይደለም። መሬቱ ለአንድ ሰው በማይበቃበት ማሳ ላይ አራት ሰው ሲሠራ አራቱም በሥራ ላይ እንዳሉ ይቆጠራሉ። ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሰው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ዓይነቱ ቤት ነው።

ለ. የሴቶች ሥራ አቆጣጠር። በሁሉም ክልሎች የወንዶች ተሳትፎ ከሴቶች ይበልጣል፤ የልዩነቱ ስፋት ግን ከክልል ክልል ይለያያል። ዝቅተኛ የተሳትፎ ምጣኔ ከሚታይባቸው መካከል በአብዛኛው አርብቶ አደር የሚኖርበት የሶማሌ ክልል ይጠቀሳል። በአርብቶ አደር ቤተሰብ ውስጥ ሴቶች ከብት ያልባሉ፣ ውኃ ከሩቅ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ቤት ነቅለው ይተክላሉ። ከዚህ ሥራ ውስጥ የትኛው እንደ "ሥራ" እንደሚቆጠር የሚወስነው የጥናቱ ትርጓሜና የጥያቄው አቀራረብ ነው። ጠያቂው "ሥራ ትሠሪያለሽ?" ብሎ ብቻ ሲጠይቅ "አይ፣ ቤት ነኝ" የሚል መልስ የሚሰጡ ብዙ ሴቶች፣ ተግባራቱ አንድ በአንድ ሲዘረዘሩላቸው ሥራቸው ይገለጣል። ጉዳዩ የአገራችን ብቻ አይደለም። በዓለም ደረጃ ለሥራ ከደረሱ ወንዶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሥራ ኃይል ውስጥ ሲሆኑ፣ ከሴቶች ግን በሥራ ኃይል ውስጥ ያሉት ከግማሽ ያነሱ ናቸው።

ሐ. የቅጥር ዕድል መኖር። በአቅራቢያ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሲከፈት ቀድሞ ከሥራ ኃይል ውጭ የነበረ ሰው ወደ ሥራ ኃይል ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ወጣት ሴቶች መሆናቸው ለዚህ አንድ ማሳያ ነው። በአንጻሩ የቅጥር ሥራ በሌለበት ከተማ የምትኖር እናት ልጆቿን ትታ ብትወጣ የምታገኘው ገቢ ለልጅ መያዣ ከምትከፍለው የማይበልጥ ከሆነ ከቤት መቅረቷ የታታሪነት ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

መ. ትምህርት። ወጣቶች በትምህርት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ በሚቆዩባቸው አካባቢዎች፣ በተለይም በአዲስ አበባና በሌሎች ትላልቅ ከተሞች፣ የወጣቶች የተሳትፎ ምጣኔ ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ ዓይነቱ መቀነስ በጎ ነው። ልጆች ከትምህርት ቀርተው በሥራ የሚሰማሩበት አካባቢ ምጣኔው ከፍ ብሎ ቢታይም እንደ ስኬት ሊወሰድ አይገባም።

ሠ. የወቅት መለዋወጥ። በአማራ ክልል ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በሰኔ የሚታረሰውና የሚዘራው መሬት በጥርና በየካቲት አያሠራም። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ መተማና ሑመራ፣ በቡና ለቀማ ወቅት ወደ ጅማ፣ ሲዳማና ጌዴኦ የሚንቀሳቀስ የቀን ሠራተኛ አለ። የመርካቶ የጭነትና የማውረድ ሥራም ከዘመን መለወጫ፣ ከፋሲካና ከዒድ በዓላት በፊት በርከት ይላል። ስለዚህ ጥናቱ የተካሄደበት ወር በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል።

4. አኃዞችን ለማነጻጸር የሚያስፈልጉ ጥንቃቄዎች

አገር አቀፍ የሥራ ኃይል ጥናት በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ተካሂዷል። ጥናቶቹን ያካሄደው የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሎ ይጠራል። የጥናቶቹን ውጤት ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ሊል ይገባል።

አንደኛ፣ የትርጓሜ ለውጥ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በጄኔቫ የተሰበሰበው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ፣ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራን ሥራ በዋናነት ለራስ ፍጆታ ከሚሠራ ሥራ ለይቷል። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ምርቱን በአብዛኛው ለቤቱ ቀለብ የሚያመርት ገበሬ፣ የሚሠራ ሰው መሆኑ ባይካድም፣ ከቅጥርና ከገቢ ሥራ ውስጥ አይቆጠርም። በአዲሱ ትርጓሜ የተሰላ አኃዝ በቀድሞው ከተሰላው ዝቅ ብሎ ቢገኝ ሰዎች ሥራ ትተዋል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሽፋን ልዩነት። የ2013 ዓ.ም. የሥራ ኃይልና ፍልሰት ጥናት በወቅቱ በነበረው ግጭት ምክንያት የትግራይ ክልልን አላካተተም። ቀደም ባሉት ጥናቶችም በአፋርና በሶማሌ ክልሎች አንዳንድ ዞኖች የሚኖሩ ተንቀሳቃሽ አርብቶ አደሮች አልተካተቱም። እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚካሄዱት ቤት ለቤት በመሆኑ መጠለያ የሌላቸው ሰዎችም አይገኙባቸውም። በገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ አድሮ በማለዳ ሸክም ፍለጋ የሚወጣ ሰው በከተማው የሥራ አኃዝ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛ፣ የክልሎች አደረጃጀት። የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በነበረበት ወሰን ዛሬ አራት ክልሎች ይገኛሉ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም.፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. በክልልነት ተደራጅተዋል። በቀድሞው ክልል ስም የወጣ አኃዝ ለአራቱም በእኩል አይሠራም።

አራተኛ፣ የዕድሜ ወሰን። የአገራችን ጥናቶች 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ ዓለም አቀፍ ንጽጽሮች ግን በአብዛኛው ከ15 ዓመት ይጀምራሉ። ሕፃናት በጥናት መቆጠራቸው መቀጠራቸውን ሕጋዊ አያደርገውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ሰው መቅጠር የተከለከለ ነው።

5. ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ለመምጣት ለሚያስብ ዜጋ

አዲስ አበባና ድሬዳዋ በተከታታይ በወጡ ጥናቶች ከፍተኛ የሥራ አጥነት ምጣኔ ከሚታይባቸው መካከል ናቸው። ይህ ሥራ ያለበት ከተማ ሥራ አጥም የሚበዛበት መሆኑን ያሳያል። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ በብዛት የሚገኘው በከተማ ነው፤ ሥራ ፈላጊውም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ገበያው ከአራዳ ወደ ዛሬው ሥፍራ ከተዛወረ ወዲህ መርካቶ ከየአቅጣጫው ለሚመጣ ሰው መግቢያ በር ሆኖ ቆይቷል። ዛሬም ከአውቶቡስ ተራ የወረደ እንግዳ ሰው በቅርብ የሚያገኘው ገበያ ይኸው ነው።

በመሆኑም ከአካባቢው ከመነሣቱ በፊት አንድ ሥራ ፈላጊ ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው፣ የቀን ገቢውን ከቤት ኪራይ፣ ከምግብና ከትራንስፖርት ወጪ ጋር ማስተያየት ነው። በጥናት "በሥራ ላይ ያለ" ተብሎ የሚቆጠር ሰው በሳምንት የሠራው ጥቂት ሰዓት ብቻ ሊሆን እንደሚችል ከላይ ተገልጿል። ሁለተኛው፣ በአካባቢው ያለውን የሥልጠናና የብድር ዕድል አስቀድሞ ማጣራት ነው። ሦስተኛው፣ ሥራው በምን ሕግ እንደሚተዳደር ማወቅ ነው። ለምሳሌ በግለሰብ ቤት የሚሠራ የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሙሉ ጥበቃ ሥር አይወድቅም። ስለዚህ ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ መስማማትና አንዱን ቅጂ መያዝ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

6. ተገልጋዮች ማወቅ የሚገባቸው

የሥራ ፈላጊነት ምዝገባ። ዜጎች በሚኖሩበት ወረዳ በሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ቀርበው በሥራ ፈላጊነት መመዝገብ ይችላሉ። መረጃው በኢትዮጵያ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ውስጥ ይገባል። አመልካቹ የፋይዳ ወይም የነዋሪነት መታወቂያውን፣ ካለውም የትምህርትና የሙያ ብቃት ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል። ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚጠየቀውን ተጨማሪ ማስረጃ አስቀድሞ ከወረዳው ማረጋገጥ ምልልስን ያስቀራል።

የምዝገባና የጥናት ልዩነት። የተሳትፎና የሥራ አጥነት ምጣኔዎች የሚሰሉት ከቤት ለቤት ጥናት እንጂ ከምዝገባ መዝገብ አይደለም። ስለሆነም መመዝገብ አገልግሎት ለማግኘት ይረዳል፤ የጥናት ጠያቂ ወደ ቤት ሲመጣ ትክክለኛ መልስ መስጠት ደግሞ የአካባቢው እውነተኛ ሁኔታ እንዲታወቅ ያስችላል። የቤት እመቤት የሆነች እናት በሳምንቱ ውስጥ የሸጠችው እንጀራ፣ የፈተለችው ጥጥ ወይም በጉልት የዋለችበት ሰዓት ካለ መናገሯ ተገቢ ነው። በቤቱ ያለው አባወራ ስለ እርሷ ሲመልስም ይህንኑ ሊዘነጋው አይገባም።

የደላላ ክፍያ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርጓሜ መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው። ሥራ ለማስቀጠር ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥም የድርጅቱን ፈቃድ መጠየቅና ለወረዳው ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የወሊድ ፈቃድ። በዚሁ አዋጅ መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። ሴቶች ከወለዱ በኋላ ከሥራ ኃይል እንዳይወጡ ከሚያደርጉት ድጋፎች አንዱ ይህ በመሆኑ፣ መብቱን ማወቅ ለሠራተኛዋም ለአሠሪውም ይጠቅማል።

የወጣት ሠራተኞች ጥበቃ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይና በሌሊት እንዲሠሩ ማድረግ የተከለከለ ነው። ከባድ ሸክምን የመሰለ ለጤናቸው አደገኛ የሆነ ሥራም ሊሰጣቸው አይገባም።

የውጭ አገር ሥምሪት። ለሥራ ወደ ውጭ አገር መሄድ የሚፈልግ ዜጋ ጉዞውን በሕጋዊው የሥምሪት ሥርዓት ብቻ ሊያከናውን ይገባል። በግለሰብ ደላላ አማካይነት የሚደረግ ጉዞ ሠራተኛው ችግር ሲደርስበት በውሉ መሠረት መብቱን ለማስከበር የሚያስችለውን መንገድ ያሳጣዋል።

በአጠቃላይ የክልሎች የተሳትፎ ምጣኔ ልዩነት የሚያንጸባርቀው የኑሮ መሠረትን፣ የሴቶችን የሥራ ጫና፣ የትምህርትና የቅጥር ዕድልን፣ የጥናቱን ወቅትና የአቆጣጠሩን ሥርዓት ነው። የአንድን ክልል ሕዝብ ታታሪነት አይመዝንም። ከአርሲ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ ወይም ከጅግጅጋ ተነሥቶ ጭድ ተራ የደረሰ ሰው በአኃዙ ከፍ ካለ ወይም ዝቅ ካለ ክልል ሊመጣ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ግን ተመሳሳይ ነው፤ ትክክለኛ መረጃ፣ ሕጋዊ ምዝገባና መብቱ የተጠበቀበት ሥራ።